የኤድንብራ የሌሊት የመናፍስት ጉብኝት፦ ከቲኬት ቆረጣ እስከ ማግስቱ

በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር፣ ሮያል ማይል በሚባለው አሮጌ ጎዳና ላይ ጥቁር ካባ የደረቡ አስጎብኚዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። እንግዶቻቸውን ይሰበስቡና ወደ ጠባብ ቅያሶች፣ ወደ ድልድይ ሥር ጓዳዎች፣ ወደ መካነ መቃብር ይዘዋቸው ይገባሉ። አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ስለ ወረርሽኝ፣ ስለ ስቅላት፣ ስለ ሬሳ ንግድና ስለ ሙት መናፍስት ይተረካል።

አብዛኛው ሰው የሚሄደው ለመደንገጥ ነው። መደንገጡ ክፋት የለውም። ነገር ግን በዚህች ከተማ መንፈስ ሆኖ የሚወራለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስሙ፣ የሞተበት ዓመትና የሞተበት ምክንያት በመዝገብ ተጽፎ የሚገኝ ነው። ታሪኩን ሳያውቁ የገቡ እንደሆነ ጩኸቱን ብቻ ሰምተው ይወጣሉ። አስቀድመው ተዘጋጅተው ከገቡ ግን ከማንኛውም የቀን ጉብኝት ይልቅ ስለ ከተማዋ ያስተምርዎታል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ነው። ከለንደንም ሆነ ከሌላ የአውሮፓ ከተማ ለዕረፍት ለሚመጡ፣ ወይም ለትምህርት እዚያው ላሉ ይጠቅማል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የጉብኝቱን ዓይነት ይምረጡ

ሁሉም የሚሸጡት «የመናፍስት ጉብኝት» በሚል አንድ ስም ቢሆንም ውስጡ ይለያያል።

የመጀመሪያው የእግር ጉዞ ነው። በሮያል ማይልና ከጎኑ በሚወርዱት «ክሎዝ» በሚባሉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች እየተዘዋወሩ ትረካ ይሰማሉ። ወደ ዝግ ቦታ ስለማይገባ ለሚጨንቀው ሰው ይስማማል፤ ዝናብ ሲጥል ግን መከለያ የለም።

ሁለተኛው የምድር ቤት ጉብኝት ነው። ሳውዝ ብሪጅ በሚባለው ድልድይ ሥር ወዳሉት የድንጋይ ክፍሎች ይወርዳሉ። ሦስተኛው የመካነ መቃብር ጉብኝት ሲሆን በብዛት የሚካሄደው ግሬይፍራያርስ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። በግቢው ውስጥ «የኮቨናንተሮች እስር ቤት» የሚባለው የተቆለፈ ክፍል አለ፤ በሌሊት እዚያ መግባት የሚቻለው ከተፈቀደለት አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ከእነዚህ የተለየው ደግሞ ሜሪ ኪንግስ ክሎዝ ነው። በቀጠሮ ሰዓት የሚገባበት፣ ከከተማው ምክር ቤት ሕንፃ ሥር የተቀበረ ሰፈር ነው፤ ከማስፈራራቱ ይልቅ ወደ ታሪኩ ያደላል።

አራተኛ ዓይነትም አለ፦ መሣሪያ ተይዞ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ መናፍስትን «ማናገር» የሚሞከርበት። ከሃይማኖታዊ ቤተሰብ የመጣ አንባቢ ይህን ከሌሎቹ ለይቶ ቢያየው መልካም ነው። ኦሪት ዘዳግም 18 «ሙታን ሳቢ»ን በግልጽ ይከለክላል፤ በሌሎቹ ጉብኝቶች ግን የሚደረገው ታሪክ መስማት ነው። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት መግለጫውን ያንብቡ። መንፈስ መጥራት፣ ጥያቄ መጠየቅ፣ በክብ ተቀምጦ እጅ ለእጅ መያያዝ የሚል ነገር ካዩና ኅሊናዎ ካልፈቀደ ይለፉት። ደርሰው ካወቁትም ወደ ጎን ወጥቼ ልጠብቅ ማለት ነውር አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው የእግር ጉዞና የምድር ቤት ጉብኝት የተቀላቀለበትን ነው። መጀመሪያ ከተማዋን ከላይ አይተው ነው ወደ ታች የሚወርዱት፤ የድልድዩን አሠራር ሳያዩ ወደ ሥሩ መግባት ነገሩን ግማሽ ያደርገዋል። መካነ መቃብሩን ለሌላ ምሽት ያቆዩት።

2. ወቅቱንና ሰዓቱን በጥንቃቄ ይቁጠሩ

ኤድንብራ ከምድር ወገብ እጅግ የራቀች ስለሆነች የቀንና የሌሊት ርዝመት ከወቅት ወቅት በጣም ይለያያል። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያም በኋላ ሰማዩ ቶሎ አይጨልምም። በታኅሣሥ ደግሞ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 አካባቢ ትጠልቃለች። ስለዚህ በበጋቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር «የሌሊት ጉብኝት» ቢቆርጡ በጠራራ ብርሃን ነው የሚሄዱት። ጨለማ ከፈለጉ በሰኔና በሐምሌ የመጨረሻውን ሰዓት ይያዙ፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ግን የትኛውም የማታ ሰዓት ይበቃል።

ነሐሴ የኤድንብራ የጥበብ ፌስቲቫሎች ወር ስለሆነ ሆቴል ይወደዳል፣ ጎዳናው ይጨናነቃል፣ የአስጎብኚው ድምፅ በሙዚቃና በጫጫታ ይዋጣል። የጥቅምት መጨረሻም የሃሎዊን ሰሞን ስለሆነ ቲኬት ቀድሞ ያልቃል። በእኔ ግምት ጥሩው ጊዜ ኅዳር ነው። ብርዱ ይከብዳል፤ ነገር ግን ቅያሶቹ ባዶ ናቸው፣ ቡድኑም አነስተኛ ይሆናል።

ሰዓት አቆጣጠራችንን አይርሱ። ቲኬቱ ላይ 21:00 ወይም 9 ፒኤም የሚል ካለ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ጋር ሲቀጣጠሩ የትኛውን አቆጣጠር እየተናገሩ እንደሆነ አስረግጠው ይንገሩ፤ ጉብኝቱ አንዴ ወደ ምድር ቤት ከወረደ በኋላ ዘግይቶ ለመጣ ሰው በሩ አይከፈትም።

3. ቲኬት ሲቆርጡ

ዋጋው እንደ ጉብኝቱ ርዝመት ይለያያል፤ በአብዛኛው ከ15 እስከ 25 ፓውንድ ባለው ውስጥ ነው። «ነጻ» የሚባሉ የእግር ጉዞዎችም አሉ፤ እነዚህ በመጨረሻ ጉርሻ የሚሰጥባቸው ስለሆኑ ጥሬ ገንዘብ ወይም ካርድ ይዘው ይሂዱ። ወደ ድልድዩ ሥር የሚያስገቡት ግን የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ክፍሎቹ በድርጅቶች የተያዙ ናቸውና።

ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ። ቡድኑ ስንት ሰው ነው? ከ25 ሰው በላይ ከሆነ ከኋላ የሚቆም ሰው ግማሹን አይሰማም። የዕድሜ ገደብ አለው? ብዙዎቹ የምሽት ጉብኝቶች ሕፃናትን አይቀበሉም፤ የመጨረሻዎቹ ሰዓቶች ለአዋቂ ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ተደብቆ ድንገት ብቅ እያለ የሚያስደነግጥ ሰው አለ ወይ? ይህን መጠየቅ ደስታውን አያበላሽም፤ የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ከጦርነትና ከስደት መከራ የተነሣ በድንገተኛ ጩኸት ክፉኛ የሚረበሽ ሰው አብሮዎት ካለ ግን ግድ ነው። ደረጃው ስንት ነው? ለጋሪና ለተሽከርካሪ ወንበር የማይመቹ ብዙ ናቸው።

ቋንቋውም ሌላ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛዎ ጥሩ ቢሆንም እንኳ የስኮትላንድ አነጋገር መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ የተናጋሪውን አፍ አያዩም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ሁልጊዜ ከአስጎብኚው አጠገብ መቆም፣ እና ታሪኮቹን ቀድሞ ማወቅ።

4. ከመሄድዎ በፊት ታሪኮቹን ይወቁ

በዚህ ክፍል ላይ ጊዜ ይስጡ፤ የጉብኝቱ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። በየትኛውም ድርጅት ቢሄዱ ከሚከተሉት ታሪኮች ቢያንስ ሁለቱን መስማትዎ አይቀርም።

ሜሪ ኪንግስ ክሎዝ። ሜሪ ኪንግ በ1630ዎቹ በዚህ ቅያስ የኖረች፣ ጨርቅ እየነገደች ልጆቿን ያሳደገች መበለት ናት። በ1645 ከተማዋን ቸነፈር መታት። «የታመሙትን በሕይወት እያሉ በግንብ ዘግተው ገደሏቸው» የሚል ወሬ ይሰማሉ፤ ይህ ሐሰት ነው። ድውዮቹ ከከተማ ውጭ ወዳለ ሜዳ ይወሰዱ ነበር፣ ቤታቸው ለቀሩትም ምግብ ይቀርብላቸው ነበር። ሐኪሙ ጆን ፖሊቲየስ ራሱ በቸነፈሩ ሲሞት ጆርጅ ሬይ ተተካ፤ ከቆዳ የተሠራ ልብስና እንደ ወፍ መንቁር የሾለ ጭምብል ለብሶ እባጩን እያፈረጠ በጋለ ብረት ይተኩስ ነበር። በ1753 ከላይ የንግድ አዳራሽ መሥራት ሲጀመር የቤቶቹ የላይኛው ፎቅ ፈርሶ የታችኛው እንደ መሠረት ቀረ፤ የተቀበረው ሰፈር የተወለደው እንዲህ ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2003 ነው። በአንዱ ክፍል የአሻንጉሊት ክምር ያያሉ። በ1992 ከጃፓን የመጣች ሴት «አኒ የምትባል ያዘነች ሕፃን እዚህ አለች» ብላ አሻንጉሊት ትታ ከሄደች ወዲህ ጎብኚው ያመጣው ነው። ይህችን አኒ በመዝገብ አያገኟትም፤ በ1645 በከተማዋ የሞቱት ሕፃናት ግን እውነት ናቸው።

ሳውዝ ብሪጅ። ከ1785 እስከ 1788 የተሠራ፣ 19 ቅስቶች ያሉት ድልድይ ነው። ከመንገድ የሚታየው አንዱ ቅስት ብቻ ነው፤ የቀሩት ግራና ቀኝ በተሠሩት ሕንፃዎች ተሸፍነዋል። ከቅስቶቹ ውስጥ ወደ 120 የሚሆኑ ክፍሎች ወጥተው ነበር። መጀመሪያ ጫማ ሰፊዎች፣ ነጋዴዎችና መጠጥ ቤቶች ገቡባቸው። ነገር ግን ድልድዩ ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ ስላልተሠራ ዝናቡ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ዕቃው ሻገተ፣ ነጋዴው ወጣ። ቦታውን የያዙት ሌላ መጠጊያ የሌላቸው ድሆች ናቸው፤ መስኮት የለም፣ ንጹሕ ውኃ የለም፣ መብራቱ የዓሣ ዘይት ኩራዝ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ክፍሎቹ በፍርስራሽ ተሞልተው ተዘጉ፤ በ1980ዎቹ የቀድሞ የራግቢ ተጫዋች ኖሪ ሮዋን ቆፍሮ ከፈታቸው። ሲጸዱ የተገኙት የኦይስተር ቀፎዎች፣ የተሰበሩ ሸክላዎች፣ መጫወቻዎችና የጫማ ቅሪቶች ናቸው። አስጎብኚው «ቦት ጫማ የተጫማው መንፈስ» ብሎ ሲጀምር፣ እርስዎ በዚያ ጨለማ ልጅ ያሳደገችውን እናት ያስቡ።

ግሬይፍራያርስ። በ1638 የስኮትላንድ ሰዎች ንጉሡ በአምልኳቸው እንዳይገባባቸው «ብሔራዊ ቃል ኪዳን» የተባለውን ሰነድ የፈረሙት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ «ኮቨናንተሮች» የተባሉት የቃል ኪዳኑ ተከታዮች በቦትዌል ብሪጅ ጦርነት ሰኔ 1679 ተሸነፉና 1,200 ያህል ምርኮኞች ከመካነ መቃብሩ ጎን ባለ ሜዳ ላይ ታጎሩ። ለወራት ሜዳ ላይ አደሩ። የሞተው ሞተ፣ ታማኝነቱን የፈረመው ተለቀቀ፣ እምቢ ያሉት የመጨረሻዎቹ ከ250 በላይ ሰዎች ወደ ቅኝ ግዛት ሊላኩ በመርከብ ተጫኑ፤ መርከቧ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኦርክኒ ደሴቶች አጠገብ ተሰባብራ አብዛኞቹ ሰጠሙ። ዛሬ «እስር ቤቱ» የሚባለው የተቆለፈው ጥግ ነው፤ በውስጡ የሚያዩዋቸው የመቃብር ቤቶች ግን ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው።

እነዚህን ሰዎች ያሳደደው የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ጆርጅ ማኬንዚ በ1691 ሞቶ እዚያው ግቢ ተቀበረ። «ደም የጠማው ማኬንዚ» ይሉታል። በ1998 መጨረሻ አንድ ቤት አልባ ሰው ከብርድ ለመሸሸግ ወደ መቃብር ቤቱ ገብቶ ወለሉ ተደረመሰበት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ጎብኚዎች ተቧጨርን፣ ራሳችንን ሳትን፣ ተገፋን እያሉ መናገር ጀመሩ፤ የከተማው ምክር ቤትም ክፍሉን ቆለፈው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በአስጎብኚ መግባት ተጀመረ። ማኬንዚ ግን በዚህ ብቻ አይጠቃለልም። ክምችቱ ለዛሬው የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መነሻ የሆነውን የጠበቆች ቤተ መጻሕፍት የመሠረተ፣ በጥንቆላ ክሶችም ላይ በሥቃይ የተገኘ ኑዛዜ እንደማይታመን የጻፈ ሰው ነው። ያንኑ ጥርጣሬ ለቃል ኪዳኑ ሰዎች ነፈጋቸው። ይህ ከየትኛውም የመንፈስ ወሬ ይልቅ እኔን ያስፈራኛል።

ቡርክና ሄር። በመቃብር ላይ የተደፉ የብረት ፍርግርጎች ያያሉ። ሬሳ ሌቦች አስከሬን ቆፍረው ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሸጡ ስለነበር ቤተሰብ መከላከያ ያደረገው ነው። ዊልያም ቡርክና ዊልያም ሄር ግን፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት፣ መቃብር ቆፋሪዎች አልነበሩም። በ1828 በአንድ ዓመት ውስጥ 16 ሰዎችን ገድለው የአካል ጥናት መምህር ለነበረው ለዶክተር ሮበርት ኖክስ ሸጡ። መጀመሪያ የሸጡት በሕመም የሞተ ተከራይ ነበር፤ ገንዘቡን ሲያዩ መግደል ጀመሩ። ከሟቾቹ መካከል ሜሪ ፓተርሰን፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው የዋሁ ጄሚ ዊልሰን፣ የመጨረሻዋም ማርጋሬት ዶኸርቲ ይገኙበታል። ሄር መስክሮ ነጻ ወጣ፤ ቡርክ በጥር 28 ቀን 1829 ተሰቀለ፣ አስከሬኑም በአደባባይ ተከፍቶ ለተማሪዎች ታየ። በ1832 የወጣው የአካል ምርመራ ሕግ ሬሳ ንግዱን አከሰመው። የገዳዮቹን ስም ሁሉ ሰው ያውቃል፤ እርስዎ የሟቾቹን ስም ይዘው ይሂዱ።

በጥንቆላ የተከሰሱት። ከኤድንብራ ካስል (ከከተማዋ አሮጌ ምሽግ) በር ፊት ባለው ሜዳ ጠርዝ በ1894 የተሠራ አነስተኛ የብረት ቅርጽ ያለበት የውኃ ቦታ አለ፤ ከ300 በላይ ሴቶች በዚያ አካባቢ መቃጠላቸውን ያስታውሳል። የስኮትላንድ የጥንቆላ ሕግ ከ1563 እስከ 1736 ጸንቶ ቆየ። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 3,837 ተከሳሾችን ከመዝገብ ለቅመዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በመጋቢት 2022 የወቅቱ የስኮትላንድ መሪ ኒኮላ ስተርጅን በፓርላማ ይቅርታ ጠይቀዋል። በእኛም አገር ቡዳ ነው ተብሎ ከጉርብትና የተገለለ፣ በበሽተኛ ቤት ስሙ የተጠራበት ሰው ታሪክ ስላለ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። አስጎብኚው የጠንቋይ ድምፅ እያስመሰለ ሲያስቅበት ካዩ፣ በጉብኝቱ ማብቂያ ላይ በትሕትና ሊነግሩት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

5. አለባበስና ምግብ

መንገዱ ጠጠር ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ በዝናብ ያንሸራትታል፤ ቅያሶቹም ቁልቁለት ናቸው። ጠፍጣፋና የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። ነፋሱ ጃንጥላ ይገለብጣል፤ ቆብ ያለው ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይሻላል። የድልድዩ ሥር በክረምትም በበጋም እርጥብና ቀዝቃዛ ስለሆነ በሐምሌም ቢሆን ሹራብ አይለይዎት።

ራት በልተው ይሂዱ። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ራሱን የሚስት ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆድ፣ ረጅም መቆምና ፍርሃት ሲገናኙ ነው። በተለይ ጾም ላይ ከሆኑና እስከ ማታ የማይበሉ ከሆነ ከጉብኝቱ በፊት የጾም ምግብ የሚያገኙበትን ቤት ቀድመው ይያዙ፤ አትክልት ብቻ የሚበላ ሰው በከተማዋ አይቸገርም። አልኮል ጠጥቶ መሄድ ግን አይመከርም፤ የሰከረ ሰው አስጎብኚዎች ይመልሳሉ።

6. በጉብኝቱ ላይ

ከተባለው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ከቡድኑ ፊት ይቁሙ፤ መደንገጥ የሚፈራ ሰው ደግሞ መሐል ይሁን፣ ተደብቆ የሚያስደነግጠው ብዙውን ጊዜ ከኋላ ነውና። ስልክዎን ድምፅ አልባ ያድርጉ፣ የስልክ ባትሪ መብራትም አያብሩ፤ ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ደቂቃዎች ስለሚፈልግ አንድ ሰው ያበራው መብራት ለሁሉም ያበላሻል። ፎቶ ማንሳት የሚከለከልባቸው ቦታዎች ስላሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

ከወረዱ በኋላ የሆነ ነገር ይሰማዎት ይሆናል። ድንገተኛ ቅዝቃዜ፣ ከኋላ ሰው የቆመ መምሰል፣ የደረት መጥበብ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ዋይዝማንና ባልደረቦቹ በዚሁ በሳውዝ ብሪጅ ሥርና በእንግሊዝ ሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ያደረጉት ጥናት በ2003 ታትሟል። ሰዎች እንግዳ ነገር ተሰማን ያሉት በእርግጥም መንፈስ አለበት በሚባሉት ክፍሎች ይበልጥ ነበር፤ የክፍሉን ዝና አስቀድሞ ማወቅ አለማወቃቸው ለውጥ አላመጣም። ነገር ግን ስሜቱ ከክፍሉ ስፋትና ከብርሃኑ መጠን ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ሰውነት ለቦታው መልስ ይሰጣል ማለት ነው። ይህን ማወቅ ስሜቱን አያጠፋውም፤ ድንጋጤው ሲመጣ ግን መቆሚያ ይሆናል።

ከበዛብዎ ለአስጎብኚው ወዲያው ይንገሩ። በዝምታ መታገሥ ጀግንነት አይደለም። ጉልበትዎን ሳይገትሩ ይቁሙ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ማዞር ከተሰማዎት ወለሉ ላይ ይቀመጡ። ማማተብ የሚፈልግም ያማትብ፤ ማንም አያይበትም።

በመካነ መቃብር ውስጥ ሐውልት ላይ አይቀመጡ፣ የመቃብር ቤት በር አይግፉ። በ2003 ሁለት ወጣቶች የማኬንዚን መቃብር ቤት ሰብረው ራስ ቅል በመውሰዳቸው መቃብር በመድፈር ወንጀል ተፈርዶባቸዋል። ከግቢው ውጭ ያለውን የቦቢ የተባለውን ውሻ ሐውልት አፍንጫም አይሹ፤ ለዕድል ነው እየተባለ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመጣ ልማድ ነው፣ ቅርጹንም እየበላው ነው።

7. ለአስጎብኚው ሁለት ጥያቄ ይያዙ

ጥሩ አስጎብኚ ጥያቄ ይወዳል። ከትረካው በኋላ፣ ቡድኑ ሲንቀሳቀስ፣ «ይህ ከመዝገብ ነው ወይስ ሰዎች የሚናገሩት?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ «እዚህ የኖሩት ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር?» የሚል ነው። ብዙዎቹ የታሪክ ተማሪዎች ወይም ተዋናዮች ስለሆኑ በትረካቸው ያላስገቡትን ብዙ ያውቃሉ፤ ጥያቄው ሲመጣ ድምፃቸው ይለወጣል፣ ካባውን ትተው እንደ ሰው ያወራሉ። ከሁሉ የማይረሳው የጉብኝቱ ክፍል ብዙ ጊዜ ይህ ጭውውት ነው።

8. ወደ ማደሪያ ሲመለሱ

ብዙዎቹ ጉብኝቶች የሚያበቁት ካውጌትና ግራስማርኬት አካባቢ ነው። እነዚህ የመጠጥ ቤት ሰፈሮች ናቸው፤ በተለይ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ስካር ይበዛል። ብቻዎን ከሆኑ በጠባቡ ቅያስ አቋርጠው አይውጡ፣ በሰፊው መንገድ ይሂዱ። የሎቲያን አውቶቡሶች የሌሊት መስመሮች አሏቸው፤ ከሌላ ከተማ በባቡር የመጡ ግን የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ከመውጣትዎ በፊት ይመልከቱ። አደጋ ቢገጥምዎ 999፣ አስቸኳይ ላልሆነ የፖሊስ ጉዳይ 101 ይደውላሉ።

9. ማግስቱን ይጠቀሙበት

በማግስቱ ግሬይፍራያርስን በቀን ብርሃን ይዩት። ከዚያ ተሻግሮ ቻምበርስ ጎዳና ላይ የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ መግቢያው ነጻ ነው። በ1836 ልጆች አርተርስ ሲት በሚባለው ተራራ ላይ 17 ጥቃቅን የሬሳ ሣጥኖች አገኙ፤ በየአንዳንዱ ውስጥ ልብስ የለበሰች የእንጨት ምስል ነበረች። የቀሩት 8ቱ በዚህ ሙዚየም ይገኛሉ። ቡርክና ሄር የሸጡት አስከሬን ብዛት 17 በመሆኑ፣ ወግ ያለው ቀብር ላላገኙት ሟቾች የተሠሩ ይሆናሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ምሥጢሩ አልተፈታም።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ አንድ ተጨማሪ ቦታ አለ። በፕሪንስስ ጎዳና ምዕራብ ጫፍ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ኖሮ በ2001 ተገኘ፤ ምእመናኑም ለኢትዮጵያ መለሱት፣ በ2002 መጀመሪያም አዲስ አበባ ላይ በብዙ ሺህ ሕዝብ አቀባበል ተደረገለት። ስለ ሙታንና ስለ ዘረፋ ሲሰሙ ካመሹ በኋላ የተመለሰ ነገር ያለበትን ቦታ ማየት ተገቢ ይመስለኛል።

የቡርክ አፅም የሚገኘው ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የአካል ጥናት ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ለሕዝብ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ አፅሙን ማየት ከፈለጉ መጀመሪያ የሙዚየሙን የመክፈቻ ቀን አጣርተው፣ የሌሊት ጉብኝቱን ቲኬት ለዋዜማው ይቁረጡ።